«ሆት» ስንት ትርጉም አለው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን አጥፎ ክንዱ ላይ ያደርጋል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ «በረደኝ» የነበረው «ሞቀኝ» ይሆናል። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ለመናገር ሲሞከር ነው ችግሩ የሚጀምረው። «ሆት» የምትባለው ቃል ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከሚጠኑት አንዷ ብትሆንም በሆቴል፣ በጋራዥ፣ በፋብሪካና በጤና ጣቢያ ብዙ አለመግባባት የምትፈጥረው እሷው ናት። የእንግሊዝኛ ቃላቱን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል።

«ሆት» በአማርኛ ምን ማለት ነው? አንድ ቃል ስጡኝ።

አንድ ቃል የለም። ሻይ ሲሆን ትኩስ፣ የገላ ውሃ ሲሆን ሙቅ፣ ምጣድ ሲሆን የጋለ፣ አየር ሲሆን ሞቃት፣ ሚጥሚጣ ሲሆን የሚያቃጥል፣ ክርክር ሲሆን የጦፈ፣ ሰው ሲሆን ግልፍተኛ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲሆን ኃይል ያለበት ነው። አማርኛ ነገሩን እያየ ስም ይለውጣል፤ እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠቀልላል።

የትኛው ትርጉም እንደተፈለገ ለማወቅ ከሁሉ የተሻለው ዘዴ ተቃራኒውን መጠየቅ ነው። የሻይ «ሆት» ተቃራኒው «ኮልድ» ነው። የሚጥሚጣ «ሆት» ተቃራኒው ግን «ማይልድ» ነው፤ ሚጥሚጣማ ቢቀዘቅዝም ያቃጥላል። የሽቦ ተቃራኒው «ዴድ»፣ የግልፍተኛ ሰው ተቃራኒው «ካልም»፣ የዜና ተቃራኒው «ኦልድ» ነው። ተቃራኒው ከታወቀ የአማርኛው ቃል ራሱ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ በዚህ ዘዴ ይሠራል።

አስተናጋጅ ነኝ። እንግዳው ወጡን እያየ «ኢዝ ኢት ሆት?» ሲለኝ ምን ልመልስ?

«የስ» ብለው ብቻ አይለፉ፤ ለየትኛው ጥያቄ እንደመለሱ እንግዳው አያውቅም። ዓይኑን ይከተሉ። እጁን ወደ ድስቱ አስጠግቶ ወይም እንፋሎቱን እያየ ከጠየቀ ስለ ሙቀቱ ነው። የወጡን ቅላት እያየ ወይም ቃሪያውን በሹካ እየነካካ ከጠየቀ ስለ ማቃጠሉ ነው። ካልገባዎት ሁለቱንም ለይተው ይመልሱ፦ «ኢት ኢዝ ቬሪ ስፓይሲ» ስለ በርበሬው፣ «ዘ ፖት ኢዝ ሆት፣ ፕሊዝ ዶንት ታች ኢት» ስለ ድስቱ። ሸክላ ጥብስ በሚቀርብበት ጊዜ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ከታች ፍሙ አለ፣ ከላይ ቃሪያው አለ።

በብዛት የሚደርሰው ስህተት እንዲህ ነው። እንግዳው «ኖት ሆት፣ ፕሊዝ» ይላል። አስተናጋጁ «ሙቅ አይሁን አለ» ብሎ ለማዕድ ቤት ያስተላልፋል። በርበሬው እንዳለ ሆኖ የቀዘቀዘ ቀይ ወጥ ይቀርባል። እንግዳው የፈለገው አልጫ ነበር፤ ከነትኩሱ።

ማቃጠልን በደረጃ ለመግለጽ «ማይልድ»፣ «ሚዲየም»፣ «ሆት» ይባላል። አልጫ የመጀመሪያው ነው። ቀይ ወጥ እንደ በርበሬው መጠን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይሆናል። ሚጥሚጣ፣ ዳጣና አዋዜ ያለ ጥርጥር ሦስተኛው ናቸው፤ ሲያቀርቧቸው እንግዳው ሳይጠይቅም ቢነግሩት ይሻላል። አንድ ነገር እንጨምር፦ «ስፓይሲ» ቃሉ ከቅመም ቢመጣም ዛሬ በብዛት የሚያቃጥል ማለት ነው። ኮረሪማና እርድ የገባበት ግን የማያቃጥል አልጫ ከሆነ «ስፓይስድ፣ በት ኖት ሆት» ቢሉ ትክክል ነው።

እንግሊዝኛ ለእሳትና ለበርበሬ አንድ ቃል የሚጠቀመው ለምንድን ነው?

አማርኛም እኮ ይጠቀማል። «እሳቱ አቃጠለኝ» እና «ሚጥሚጣው አቃጠለኝ» አንድ ግስ ናቸው። ምክንያቱ ቋንቋ ሳይሆን አካል ነው። ምላስ ላይ ያሉ የነርቭ ጫፎች ሙቀት 43 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ የሚከፈት መቀበያ አላቸው። በርበሬና ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይህንኑ መቀበያ ያለ ምንም እሳት ይከፍተዋል። አንጎል የሚደርሰው መልእክት አንድ ስለሆነ ቃሉም አንድ ሆነ። መቀበያው በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተለየ፤ ሥራውን የመራው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተካፍሏል።

ከዚህ የሚገኝ ጠቃሚ ነገር አለ። ሚጥሚጣ ያቃጠለው እንግዳ ውሃ ሲጠጣ እምብዛም አይሻለውም፤ ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም። ወተት ወይም እርጎ ያስታግሳል፣ ምክንያቱም የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞ ከምላስ ያነሳዋል። ሻይ በዚያ ሰዓት ያባብሳል፤ ያው መቀበያ በእውነተኛ ሙቀት ድጋሚ ይቀሰቀሳልና።

ስናፍጭ አፍንጫ ላይ የሚወጣው በሌላ መቀበያ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን እሱንም «ሆት» ይለዋል። ናና በተቃራኒው የብርድን መቀበያ ስለሚቀሰቅስ «ኩል» ይባላል።

«ሞቀኝ» ለማለት «አይ አም ሆት» ማለት ስህተት ነው?

ሰዋስዉ ትክክል ነው። ከብርድ ልብስ ስር ወይም ከሥራ መልስ ለቅርብ ሰው ቢሉት ማንም በትክክል ይረዳዋል። ለማያውቁት ሰው ግን «አይ ፊል ሆት» የበለጠ ያስተማምናል።

ስህተቱ የሚበዛው ከአማርኛው አሠራር ነው። «ሞቀኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ጠማኝ» ስንል ሰውየው ድርጊቱ የሚያርፍበት ነው፤ ባለቤቱ ሙቀቱ ወይም ብርዱ ነው። እንግሊዝኛ ሰውየውን ባለቤት ያደርገዋል። ስለዚህ «ኢት ሆትድ ሚ» የሚል ነገር የለም። የአየሩን ሙቀት ለመናገር «ኢት ኢዝ ሆት ቱዴይ»፣ የክፍሉን ለመናገር «ኢት ኢዝ ሆት ኢን ሂር» ይባላል።

ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «ዩ አር ሆት» ላይ ነው። ይህ በተለመደው አነጋገር «ገላሽ ያምራል፣ ትማርኪያለሽ» ማለት ነው፤ ፍላጎትን የሚገልጽ ቃል ነው። ላብ ያላባትን እንግዳ ለመርዳት አስበው ቢናገሩትም ብልግና ሆኖ ይሰማል። በምትኩ «አር ዩ ቱ ሆት? ሻል አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» ይበሉ። «ቱ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ትርጉሙን ወደ ሙቀት ትመልሰዋለች።

«ትኩስ» ሁልጊዜ «ሆት» ተብሎ ይተረጎማል?

አይደለም። በዚህ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ። «ትኩስ» ሁለት ተቃራኒ አለው፦ አንዱ «የቀዘቀዘ»፣ ሌላው «የዋለ ያደረ»። የመጀመሪያው ከሆነ «ሆት» ነው፣ ሁለተኛው ከሆነ «ፍሬሽ» ነው።

ትኩስ ሥጋ «ፍሬሽ ሚት» ነው፤ «ሆት ሚት» ካሉ የተጠበሰና የሚጨስ ሥጋ ይጠበቃል። ትኩስ ዳቦ ከምድጃ አሁን ከወጣ «ሆት ብሬድ»፣ ጠዋት ተጋግሮ ከሆነ «ፍሬሽ ብሬድ» ነው። ትኩስ ወተት ግን አማርኛው ራሱ አይለየውም፤ አሁን የታለበውም የፈላውም ትኩስ ነው። ስለዚህ የታለበውን «ፍሬሽ ሚልክ»፣ የፈላውን «ሆት ሚልክ» ብለው በምናሌው ላይ ለይተው ይጻፉ። በምናሌ ላይ ያለው «ትኩስ ነገር» የሚል ርዕስ «ሆት ድሪንክስ» ነው፤ «ሆት ቲንግስ» ተብሎ አይጻፍ።

«ትኩስ ዜና» ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ መንገድ የሚሄዱበት ነው፤ «ሆት ኒውስ» ይባላል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለውም ተረት በእንግሊዝኛ ከነሐሳቡ አለ፤ ብረት ቀጥቃጭ በሁለቱም አገር ስለነበረ ነው። «ሆት ፖቴቶ» ግን ቃል በቃል ትኩስ ድንች ሆኖ በምሳሌነቱ ማንም ሊይዘው የማይፈልገው፣ አንዱ ወደ ሌላው የሚገፋው ጉዳይ ማለት ነው።

«ሞቅ ያለ አቀባበል»ስ?

«ዋርም ዌልካም»። «ሆት ዌልካም» አይባልም። አማርኛ «ሞቅ» እያለ ደስ የሚል፣ ልብ የሚነካ ሙቀትን ሲገልጽ እንግሊዝኛው «ዋርም» ነው፦ ሞቅ ያለ ሰላምታ፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ። ለልብስም እንዲሁ፤ ጋቢ «ዋርም» ነው።

ግን «ሞቅ ብሎታል» መጠጥ ለቀመሰ ሰው ሲባል «ቲፕሲ» ነው። «ተሟሟቀ» ለስፖርተኛ «ዋርምድ አፕ» ነው። «ገበያው ጦፈ» ለሚለው «ቢዝነስ ኢዝ ቡሚንግ»፣ «ተቸበቸበ» ለሚለው ደግሞ «ሶልድ ላይክ ሆት ኬክስ» ይባላል፤ እዚህ ኬኩ ትኩስ ስለሆነ ሰው ይሻማበታል። «የጦፈ ክርክር» «ሂትድ ዲቤት» ነው።

ሙቅ የምንለው የሚጠጣው ነገርም አለ። «ለአራሷ ሙቅ ሠሩላት» ሲተረጎም «ሆት» ብቻውን ምንም አይገልጽም። የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ እየተማሰለ የሚበስል ቀጭን ምግብ ስለሆነ «ቲን ኦት ፖሪጅ» ወይም «ባርሊ ፖሪጅ» ብሎ በዱቄቱ መሰየም ነው የሚያዋጣው።

በጤና ተቋም «ትኩሳት አለው» እንዴት ይጻፋል?

«ሂ ሃዝ ኤ ፊቨር»። «ሂ ኢዝ ሆት» በሕክምና ካርድ ላይ ቦታ የለውም። በእጅ ተነክቶ ከሆነ «ሆት ቱ ታች» ይጻፋል፤ በቴርሞሜትር ተለክቶ ከሆነ ቁጥሩ ከነቦታው ይጻፋል። ለሕፃናት በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ተብሎ ይያዛል፤ ስለዚህ ብብት ይሁን አፍ መጻፉ ግድ ነው። ከብሪታኒያ የመጣ ሰው «ማይ ቻይልድ ሃዝ ኤ ቴምፕሬቸር» ካለ «ልጄ ትኩሳት አለው» ማለቱ ነው።

«ያቃጥለኛል» የሚለው ቃል ይበልጥ ይፈተናል። ሽንት ሲሸና፣ ውስጥ እግር ላይ ወይም ዓይን ላይ ከሆነ «በርኒንግ» ነው። ቃር ከሆነ «ሃርትበርን» ነው፤ ቃሉ ልብን ቢጠራም ችግሩ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ መመለሱ ነው። የወር አበባ ሊቆም በሚልበት ዕድሜ ያለች ሴት ድንገት ፊቷንና ደረቷን የሚያግላት ስሜት «ሆት ፍላሽ» ይባላል፤ ትኩሳት አይደለም፣ ቴርሞሜትርም አያሳየውም።

ምችን «ሂት ስትሮክ» ብሎ መተርጎም አደገኛ ነው። ሂት ስትሮክ የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሶ ሰው የሚቃዥበት ወይም ራሱን የሚስትበት፣ ቶሎ ካልቀዘቀዘ የሚገድል ሁኔታ ነው። በዳማ ከሴ የሚታሸው ምች ሌላ ነገር ነው። ቃሉን እንዳለ ጽፎ የሚታየውን ምልክት ከሥሩ መዘርዘር ይሻላል።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቻለሁ። «ሆት ወርክ» የሚል ማስጠንቀቂያ አየሁ፤ ፀሐይ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው?

አይደለም። ብየዳ፣ በጋዝ መቁረጥ፣ በግራይንደር መሞረድ፣ በአጠቃላይ ብልጭታ ወይም ነበልባል የሚያወጣ ሥራ ነው። ከመደበኛው የብየዳ ቦታ ውጭ ሲሠራ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። በሰፊው የሚሠራበት ደንብ በ11 ሜትር ዙሪያ የሚቀጣጠል ነገር እንዲነሳ ወይም እንዲሸፈን፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ማጥፊያ የያዘ ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆሞ እንዲጠብቅ ይላል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይህ የወግ ጉዳይ አይደለም፤ የጥጥ ብናኝ ውስጥ የወደቀች ብልጭታ ሳትታይ ትጨሳለች፣ ሰው ከሄደ በኋላ ትነድዳለች።

በልብስ መለያ ላይ ደግሞ «ሆት» የካውያ ደረጃ ነው። በካውያው ሥዕል ውስጥ አንድ ነጥብ «ኩል» ሲሆን ወደ 110 ዲግሪ፣ ሁለት ነጥብ «ዋርም» ወደ 150፣ ሦስት ነጥብ «ሆት» ወደ 200 ይጠጋል። 110 ዲግሪ «ኩል» መባሉ ያስገርማል፤ ቃላቱ ለጨርቁ እንጂ ለእጅ አልተሰጡም። ናይለን ላይ ሦስት ነጥብ ከተጠቀሙ ጨርቁ ካውያው ላይ ይቀልጣል።

ላሜራ የሚገዛ ሰው «ሆት ሮልድ» እና «ኮልድ ሮልድ» የሚሉትን ያገኛል። ሆት ሮልድ ብረቱ ግሎ ሳለ የተዳመጠ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ቅርፊት አለው፣ ውፍረቱ ትንሽ ይለያያል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ኮልድ ሮልድ ለስላሳና ልኩ የተስተካከለ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው «ሆት-ዲፕ» የሚባለው አሠራር ሲሆን ብረቱ 450 ዲግሪ ገደማ በሆነ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነከራል።

ሀረጎን ስወጣ ሞተሩ ሞቀ። ለውጭ አገር ተሳፋሪ እንዴት ላስረዳ?

«ዘ ኢንጂን ኢዝ ኦቨርሂቲንግ» ይበሉ። «ዘ ኢንጂን ኢዝ ሆት» ጉድለት አይደለም፤ ጤነኛ ሞተር 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚሠራው። የራዲያተር ክዳን ላይ ብዙ ጊዜ «ኔቨር ኦፕን ሆት» የሚል ይታተማል፤ ሲብራራ «እንደጋለ በፍጹም አትክፈት» ማለት ነው። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ስለታመቀ ክዳኑ ሲላላ ወዲያው ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። ሞተሩን አጥፍተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፣ በጨርቅ ይዘው በዝግታ ያላሉት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፉ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቧንቧና ሽቦ ላይስ?

በእንግሊዝኛ በተሠራ ቧንቧ ላይ «ኤች» ሙቅ፣ «ሲ» ቀዝቃዛ ነው። በጣሊያን ሥሪት ግን «ሲ» ካልዶ፣ ማለትም ሙቅ ነው፤ ቀዝቃዛው «ኤፍ» ነው። ፊደሉን ትተው ቀለሙን ይመኑ፤ ቀይ ሙቅ፣ ሰማያዊ ቀዝቃዛ።

አሜሪካዊ ቴክኒሻን «ዚስ ዋየር ኢዝ ሆት» ካለ ሽቦው ሞቋል ማለቱ አይደለም፤ «ፌዝ» የሚባለው የኤሌክትሪክ መስመር ነው፣ ኃይል አለበት ማለቱ ነው። እንግሊዛዊው «ላይቭ» ይለዋል። ሽቦው ሲታይ እንደማንኛውም ቀዝቃዛ ሽቦ ነው፤ 220 ቮልት ግን ይገድላል። ሞቆ እንደሆነ ለማየት በእጅ አይንኩ፣ ቴስተር ይጠቀሙ።

ሆትስፖት፣ ሆትላይን፣ ሆቴል፤ ሁሉም ከሙቀት የመጡ ናቸው?

ሆቴል አይደለም። በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ፣ እንግዳ ከመቀበል ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ ሆስፒታልም የዚያው ዘመድ ነው።

ሆትስፖት «ክፈትልኝ» የምንለው የስልኩ ኢንተርኔት ነው። በሌላ ሙያ ግን አንድ ነገር ተጠጋግቶ የበዛበት ቦታ ማለት ነው። የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የኢትዮጵያን ደጋ፣ የወሎን ተራሮች ጨምሮ፣ ብርቅ ዕፅዋትና እንስሳት የበዙበትና የተመናመኑበት «ሆትስፖት» ውስጥ ይመድቡታል። ይህን «ሞቃት ቦታ» ብሎ የተረጎመ ሰው ደሴ አጠገብ ጦሳ ተራራ ላይ ብርድ ሲቀጠቅጠው ይገባዋል። ሆትላይን ያለ መካከለኛ በቀጥታ የሚያገናኝ መስመር ነው። የታወቀው የሞስኮና የዋሽንግተን መስመር በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲዘረጋ ስልክ አልነበረም፤ የጽሑፍ መልእክት ማስተላለፊያ ነበር።

«ዚስ ፎን ኢዝ ሆት» ሲባል ስልኩ ግሏል ማለት ነው?

ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ባትሪው ግሏል፣ ሰው ይሻማበታል፣ ወይም የተሰረቀ ነው። የመጨረሻው የመንደር አነጋገር ነው። ዋጋው ከገበያው እጅግ ወርዶ፣ ካርቶንና ደረሰኝ ከሌለው ሦስተኛውን ያስቡ።

«ሂት»፣ «ቴምፕሬቸር»ና «ሆት» እንዴት ይለያያሉ?

በአማርኛ «ሙቀት» የሁለቱንም ቦታ ስለሚይዝ ተማሪዎች ይደናገራሉ። «ሂት» ከሚሞቀው ወደሚቀዘቅዘው የሚተላለፈው ኃይል ነው። «ቴምፕሬቸር» በቴርሞሜትር የሚነበበው ነው፤ የሳይንስ መጻሕፍት መጠነ ሙቀት ይሉታል። አንድ ሲኒ የፈላ ሻይና አንድ በርሜል የፈላ ውሃ መጠነ ሙቀታቸው እኩል ነው፤ በርሜሉ የያዘው ሙቀት ግን እጅግ ይበልጣል።

«ቦይሊንግ ሆት» ሲባል መጽሐፉ 100 ዲግሪ ይላል። ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር መፍያው አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ውሃ ደሴ ላይ 92፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ ደሴ ላይ ቆይቶ የሚበስለው በዚህ ነው፤ እሳት ቢጨመርም ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም።

«አሙቀው» ለማለት «ሆት ኢት» እላለሁ። ይስተካከላል?

«ሂት ኢት» ወይም ለብ እንዲል ብቻ ከተፈለገ «ዋርም ኢት አፕ» ይበሉ። አማርኛ ከ«ሞቀ» «አሞቀ»፣ «አስሞቀ» እያለ ግስ ስለሚያወጣ «ሆት»ንም ግስ ማድረግ ይቀናናል፤ «ሆት» ግን ቅጽል ነው።

ሲነጻጸር «ሆተር»፣ «ሆተስት» ይሆናል፤ በእንግሊዝኛው ሲጻፍ የ«ት» ፊደል ሁለት ጊዜ ትገባለች፣ ምክንያቱም ከፊቷ ያለው አናባቢ አጭር ነው። አጠራሩ ላይ ብሪታኒያዊው «ሆ»ን በጣም አሳጥሮ ይለዋል፤ አሜሪካዊው ወደ «ሃት» ያስጠጋዋል። ያኔ ኮፍያ ከሚለው «ሃት» ጋር እንዳይምታታ አፍን ለበርበሬው ከፈት፣ ለኮፍያው ደግሞ ከንፈርን ወደ ጎን ለጠጥ ማድረግ ነው።